የማይፈርስ አመራር በማን ይቆማል?



ስለ መሪነት በተነሳ ቁጥር ብዙዎቻችን የምንጠይቀው «መሪው ማን ነው?» ብለን ነው። አማና የሚጠብቅ ነው ወይስ የሚበላ? ዕውቀት አለው ወይስ በዘመድ የመጣ ነው? እያልን ሰውየውን እንመዝናለን። መመዘኑ ተገቢ ነው። ሆኖም ከዚህ እኩል ሊጠየቅ የሚገባው፣ ግን እምብዛም የማይጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ውሳኔው ሲወሰን በቦታው ያልነበረው ማን ነው?» የሚለው ነው። በመሥሪያ ቤትም ይሁን በፋብሪካ፣ በትምህርት ቤትም ይሁን በመስጊድ ኮሚቴ፣ አንድ አመራር ከመሥራቾቹ ዕድሜ አልፎ መቆየት አለመቆየቱን በአብዛኛው የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ መንዝ ይበቃናል።

ጓሳን የማያውቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። በመንዝ ጌራ ምድር፣ መሬቱ በምሥራቅ በኩል ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ በሚናድበት አፋፍ ላይ የተዘረጋ ውርጫማ ሜዳ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእርሱ የሚነሳው ውኃ ከፊሉ ወደ አዋሽ፣ ከፊሉ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ለመንዝ ሰው ግን ጓሳ ከሁሉ በፊት ሣር ነው። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛ ከዝናብና ከውርጭ የሚጠለልበት ገሳ ይሠራበታል፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት ደግሞ ከብት ከሞት የሚተርፍበት ግጦሽ ነው።

ሁሉም የሚፈልገው ነገር ጠባቂ ካጣ ብዙ ሳይቆይ መሬቱ ራቁቱን እንደሚቀር ማንም ገበሬ ያውቀዋል። ጓሳ ግን ለመቶዎች ዓመታት አልተራቆተም። ምክንያቱ «ቄሮ» የተባለው ሥርዓት ነው። (በቅርብ ዓመታት ከሰማነው የኦሮሞ ወጣቶች መጠሪያ ጋር ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው።) ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ቦታው አስቦና ጌራ በተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ስም ለሁለት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ወገን ተጠቃሚዎቹ የሚመርጡት «አባ ቄራ» የሚባል አለቃ ነበረው። ሣሩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስነው እርሱ ነው። ሲዘጋ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ማጭድ ይዞ መግባት የለም፤ ከብት ማሰማራት የለም፤ ማገዶ መልቀምም የለም። የሚጠብቁት ደመወዝተኛ ዘበኞች አልነበሩም። ባለመብቶቹ ራሳቸው ለጥበቃ ይወጣሉ፤ ያልወጣ ይቀጣል። ጊዜው ደርሶ መከፈቱ ሲነገር ሁሉም በአንድነት ወጥቶ ያጭዳል።

ይህንን በቀላሉ አንለፈው። ዛሬ «ዘላቂ አመራር» እየተባለ በየአዳራሹ ሥልጠና የሚሰጥበት ነገር መንዝ ላይ ያለ አበልና ያለ ሰርተፍኬት ሲሠራበት ኖሯል። መሪውን ይመርጣል፤ የዛሬውን ፍላጎት ለነገ ሲል ይገታል፤ የጥበቃውን ድካም ከጥቅሙ ጋር አብሮ ያከፋፍላል። ይህን ሥርዓት ያቆሙ አባቶች ምስጋና ይገባቸዋል።

ይሁን እንጂ ቄሮ በር ነበረው፤ የበሩም ቁልፍ የዘር ቆጠራ ነበር። መብቱ የሚገኘው በአጽመ ርስት ስለሆነ ከአስቦ ወይም ከጌራ መወለዱን መቁጠር የማይችል ሰው፣ ጎጆው ከጓሳ ሥር ቢሆን እንኳ፣ ሣሩን በዓይኑ ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም። ርስት አልባ ሆኖ የኖረው ሁሉ ከዚህ በር ውጭ ነበር። ሙስሊሙም በክርስቲያኑ ደጋ በአብዛኛው ርስት እንዳይኖረው ተደርጎ የኖረ ስለሆነ፣ እንጀራውን ከሽመናና ከንግድ ሲፈልግ እንደኖረ ከአያቶቻችን ሰምተናል። እንዲህ ያለው ሰው አባ ቄራውን አይመርጥም። መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት ሲባል አይጠየቅም። የሚደርሰው ክልከላው ብቻ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ እውነት መናገር ይገባል። ሰውን ያገለለ አመራር ወዲያው ይወድቃል የሚሉ ሰባኪዎች አሉ። አይወድቅም። ቄሮ ወደ 300 ዓመት ያህል ቆሟል። የተገለለው ሰው ምንም ማድረግ አይችልምና ከላይ ያለው ኃይል እስካለ ድረስ ሥርዓቱ ደህና ይመስላል። ጉዳቱ የሚታየው የላይኛው ኃይል ድንገት የተነሳ ዕለት ነው።

ያ ዕለት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ ሲያወጣ ርስት የሚባለው መሠረት ተነቀለ፤ ከርስቱ ጋር አባ ቄራውም ሥልጣኑን አጣ። በእርሱ ቦታ የገበሬ ማኅበር ተተካ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከበሩ ውጭ የነበረው ሰው «ጓሳ ያንተም ነው» ተባለ። የሆነውን መገመት አያስቸግርም። ሣሩ ያለ ወቅቱ ይታጨድ ጀመር፤ ከብቱ ያለ ገደብ ገባ። የተጎዳው ደግሞ ሁሉም ነው፤ አዲስ የገባውም፣ ነባሩም።

አንዳንድ ሰዎች ይህንን ታሪክ ሰምተው «አየህ፣ ለሁሉም ሲከፈት ጠፋ፤ ለጥቂቶች በነበረ ጊዜ ግን ተጠብቆ ነበር» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ዘረኛ ሥርዓት ነበረና መፍረሱ ደግ ሆነ» ይላሉ። ሁለቱም ነገሩን በግማሽ የያዙት ይመስለኛል። በ1967 ዓ.ም. ለተገለለው ሰው የተሰጠው ማጨድ ነው፤ የመጠበቁ ተራና የመወሰኑ ቦታ አልተሰጠውም። አንድን ነገር በመጠበቅ ተሳትፎ የማያውቅ፣ ሲወሰንም ተጠይቆ የማያውቅ ሰው በድንገት ማጭድ ቢሰጠው እስኪያልቅ ቢያጭድ ያስገርማል? እኔን አያስገርመኝም። የሚያስገርመኝ ነባሮቹ ባለቤቶች በመቶዎች ዓመታት ውስጥ ጎረቤታቸውን አንድ ቀን እንኳ ለጥበቃ አለመጥራታቸው ነው። ጠርተውት ቢሆን ኖሮ አዋጁ በመጣ ዕለት ከጎናቸው ቆሞ የሚከራከር በሺህ የሚቆጠር ሰው ባገኙ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የአካባቢው ሰው የጓሳን መጥፋት አይቶ እንደገና ተሰባሰበ። ዙሪያውን ካሉት ቀበሌዎች የተወከሉ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ መተዳደሪያ ደንብ ወጣ፤ ቦታውም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ከመንግሥት ዕውቅና አገኘ። ከቄሮ ብዙ ነገር ተወስዷል፤ መዝጋትና መክፈት፣ ቅጣት፣ የጋራ ጥበቃ። የተለወጠው ትልቁ ነገር በሩ ነው። የዘር ቆጠራው ቀርቶ በአካባቢው መኖር መሠረት ሆነ። አዲሱ ሥርዓት የራሱ ችግር የለበትም አልልም፤ ግን ሥር የያዘው በብዙ ሰው ላይ ነው።

ይህ የሣር ነገር ብቻ ከመሰለን ደግሞ የሸዋን ቤተ መንግሥት እንመልከት። የሸዋ ነገሥታት ትውልድ ከመንዝ ነው የሚቆጠረው። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847) ከአንኮበር በታች ያለውን ይፋትን ያስተዳድሩት የነበረው ከጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች ወገን በሆነ በሙስሊሙ ወላስማ ሙሐመድ በኩል ነበር። የጎንቾ እስር ቤትም በእርሱ እጅ ነበር። በአልዩ አምባ ገበያ የሐረሪ፣ የአርጎባና የአፋር ነጋዴ ይገናኝ ነበር፤ ወደ ታጁራ ወደብ የሚወስደው መንገድም በዚያ በኩል ነው። ንጉሡ ይህንን ያደረጉት ከደግነት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። መንገዱን፣ ቋንቋውንና ሰውን የሚያውቀው ወላስማ እንጂ ከደጋ የሚላክ ሹም አይደለም። ሥራው ያለ እርሱ አይሠራም ነበር። እንዲህም ሆኖ ግን ንጉሡ በሃይማኖት የማይመስላቸውን ሰው በትልቅ አማና ላይ ማስቀመጣቸው መንግሥታቸውን አላፈረሰውም፤ አጸናው እንጂ።

ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ የዚህ ተቃራኒ ተደረገ። ዐፄ ዮሐንስ በሹመት ላይ ያለ ሙስሊም ሁሉ ወይ እንዲጠመቅ ወይ ሹመቱን እንዲለቅ አዘዙ። የተጠመቀም አለ፤ ያመፀም አለ። በወሎ ለዓመታት የፈሰሰውን ደም ታሪክ ይናገራል። አገርን አንድ ለማድረግ ታስቦ የተደረገ ነው ይባላል። ሰውን ከወንበሩ አስነስቶ አንድ ማድረግ እንዴት ይቻላል?

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣው ታላቅ ሰልፍ የዚህ ሁሉ ዘመን ብሶት ነበር። ወላጆቻችን ያስታውሱታል። ከቀረቡት 13 ጥያቄዎች ውስጥ መሬት የመያዝ መብት፣ በሲቪል ሰርቪስ፣ በዲፕሎማሲና በጦር ኃይል የመቀጠር መብት ይገኙበታል። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል የሚልም ነበር። ይህ ከቃል ጨዋታ ይበልጣል። የቀድሞው ስም እንግዳ ያደርገናል፤ የኋለኛው ባለቤት። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ክርስቲያን ወገኖቻችን አብረው መውጣታቸውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ጥያቄው የእነርሱ ሳይሆን ወጥተዋልና። ብዙም ሳይቆይ ደርግ ዒድ አል-ፊጥርን፣ ዒድ አል-አድሓን (ዐረፋን) እና መውሊድን ብሔራዊ በዓላት አደረገ።

ታዲያ ዛሬስ? ዛሬ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በጾታና በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብታቸው እንዲጠበቅ የሚያዝ አዋጅ ቁጥር 568 በ2000 ዓ.ም. ወጥቷል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ዕለት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለምሳ የሚዘጋውም የጁሙዓ ሰላት እንዲሰገድ ነው፤ ማንም ሳይጎዳ፣ ሥራም ሳይቀር። ሕግ በሩን ይከፍታል። በገባው ሰው ምክር መጠቀም ግን የአለቃው ፈንታ ነው።

በደጋው ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ (ስሙን አልጠራም) የሠራተኞች አጠቃላይ ስብሰባ ዘወትር ዓርብ ጠዋት 5፡00 ላይ ይጠራ ነበር። ስብሰባ ደግሞ በሰዓቱ አያልቅም። ሙስሊም ሠራተኞች ወይ ሰላታቸውን ወይ ስብሰባውን ይተዋሉ፤ የቀሩም እንደሆነ «እነርሱ በሥራው አያገባቸውም» ይባላሉ። ተንኮል ነበረበት? እኔ እንደማውቀው አልነበረም። ቀኑን ከሚወስኑት አምስት ሰዎች መካከል ዓርብ ቀትር ምን እንደሆነ በሕይወቱ የሚያውቅ አልነበረም፤ ይኸው ነው። በኋላ አንዲት ሙስሊም ሠራተኛ ከአምስቱ አንዷ ሆነች፤ ስብሰባው ወደ ሐሙስ ተዛወረ። ክርክርም አልተነሳም። ለሁለት ዓመት የተነጫነጭንበት ነገር የአምስት ደቂቃ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ክፉ ነው ብለን ከመደምደማችን በፊት ቦታው ላይ ማን አለ ብለን ብንጠይቅ ብዙ ቂም ይቀርልናል።

በፋብሪካውም ነገሩ ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ከመንዝም ከመርሐቤቴም ብዙ ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደዚያ ወርዷል። በአገራችን ፓርኮች በልብስ ስፌት ማሽን ፊት የሚቀመጡት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳው ፓርክ ሥራ በጀመረበት ሰሞን ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ እየለቀቀ አሠሪዎችን ክፉኛ አስቸግሮ ነበር። ደመወዙ ማነሱ፣ የቤት ኪራዩ መወደዱ ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ ናቸው። ሆኖም ከገጠር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ ማታ ከፈረቃ ወጥታ በጨለማ እንዴት ቤቷ እንደምትደርስ የሚያውቀው ከእርሷ በላይ ማን ነው? ፈረቃው ሲደለደል ግን ከጠረጴዛው ዙሪያ እርሷን የመሰለች አትገኝም። «የሴት ሠራተኞቻችን ቁጥር ይህን ያህል ነው» ብሎ ሪፖርት ማቅረብ ከ1967ቱ ማጭድ የተለየ አይደለም። አለቃው ቁጥሯን ይቆጥራል፤ ሐሳቧን ግን አይጠይቅም። እርሷም ሌላ እንጀራ ባገኘች ቀን ትሄዳለች። ፋብሪካው ዕድሜውን ሙሉ አዲስ ሰው ሲያሠለጥን ይኖራል።

እስካሁን የተናገርነው በሌሎች ላይ ነው፤ በሌላው ላይ መናገር ደግሞ ቀላል ነው። ወደ ቤታችን እንመለስ።

የመስጊድና የመድረሳ ኮሚቴዎቻችንን ስም ዝርዝር ብናወጣ ምን እናገኛለን? በብዙ ከተሞቻችን የምናገኘው ነጋዴውን፣ የነጋዴውን ወንድምና የቀድሞውን ሰብሳቢ ልጅ ነው። ይህ ቄሮ ነው፤ ከነዘር ቆጠራው። እናቶች ለመድረሳው ግንባታ የጆሮ ወርቃቸውን አውጥተው ይሰጣሉ፤ ልጆቹን በማለዳ አጥበው የሚልኩም እነርሱ ናቸው፤ የትምህርቱ ሰዓት ሲወሰን ግን አይጠየቁም። ከዚያ «ልጆች ለምን ይቀራሉ?» ብለን እንገረማለን። ሸማ ሠሪው በዒድ ቀን ከጎናችን ይሰለፋል፤ ኮሚቴ ሲመረጥ ስሙን የሚያነሳ የለም። ልጃችንን ሊያገባ የጠየቀ ጊዜ ደግሞ አጥንት መቁጠር እንጀምራለን። በ1966 ዓ.ም. ከውጭ ያሉትን የጠየቅነውን እኛ ከውስጥ ብንጠየቅ መልስ አለን?

ሑደይቢያን እናስታውስ። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ የስምምነቱ ውል ሲጻፍ ሶሓቦች ልባቸው ተሰብሮ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመሥዋዕት እንስሳቸውን አርደው ፀጉራቸውን እንዲላጩ ሲያዙ ከሐዘናቸው የተነሳ የሚነሳ ጠፋ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ድንኳናቸው ገብተው ለባለቤታቸው ለኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ነገሯት። እርሷም ለማንም ሳይናገሩ ወጥተው የራሳቸውን እንዲያርዱና እንዲላጩ መከረቻቸው። እንዳለችው አደረጉ፤ ሕዝቡም ተከትሎ ተነሳ። ወሕይ የሚወርድላቸው መሪ የሴትን ምክር ሰምተው ያን የመሰለ ጭንቅ ካለፉ፣ የእኛ ሰብሳቢ «ሴቶችን ምን እንጠይቃቸዋለን?» የሚልበት ድፍረት ከየት የመጣ ነው? ኡሳማ ኢብኑ ዘይድም (ረ.ዐ.) 20 ዓመት ገደማ ሳለ በታላላቅ ሶሓቦች ላይ የጦር አዛዥ ሲደረግ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ሹመቱ ግን አልተሻረም።

ሰው በበዛ ቁጥር ስብሰባ ይረዝማል የሚል አለ። እውነት ነው፤ ይረዝማል። ያልተስማማ ይበዛል፤ ሰብሳቢው ይደክማል። ሥራ የማይችለውን ሰው «እንትን ወገን እንዲወከል» ብሎ ማስቀመጥም አማናን መጣል ነው፤ ለተቀመጠውም ውርደት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከየወገኑ ሥራውን የሚችል ሰው አለ፤ ያላየነው ስላልፈለግን ነው። መድረሳችን ውስጥ ሒሳብ የምትችል፣ ባንክ የምትሠራ እህት እያለች ገንዘብ ያዡ መደመር የሚቸግረው ሰው የሆነበት ቦታ አውቃለሁ። የእርሷ ስም ተነስቶ አልተጣለም፤ ከናካቴው አልተነሳም።

የመድረሳችሁ ኮሚቴ የሚመረጥበት ጊዜ ሲደርስ፣ ወንድሜ ሆይ፣ እጩ ከመጠቆምህ በፊት ስብሰባው የሚጠራበትን ሰዓት ተመልከት። ከመግሪብ በኋላ ከሆነ እናቶች እራት ላይ ናቸው። የገበያ ቀን ከሆነ ሸማኔው ገበያ ነው፤ ከገጠር የሚመጣውም መንገድ ላይ ነው። እህቴ ሆይ፣ አንቺም ጥሪው ባይደርስሽ ሰዓቱን ጠይቀሽ ሂጂ፤ ከኋላ ተቀምጠሽም ቢሆን የልጆቹ ትምህርት በስንት ሰዓት ቢጀመር እንደሚሻል ተናገሪ።